«የልጁ ጭንቅላት ውሃ ይዟል» ተባላችሁ? ሁሉም ውሃ አንድ አይደለም

ድሬዎች፣ ሙቀቱን ቻላችሁት?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ዶክተር፣ አልትራሳውንድ ላይ የጽንሱ ጭንቅላት ውሃ አለው ተባልን፤ ተስፋ አለው?» መልሱ ያለው ውሃው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው አንጎል ላይ ነው። ምስሉ ላይ የሚመሳሰሉ ሦስት ችግሮች አሉ።

👉 1. ሆሎፕሮሰንሴፋሊ
የፊተኛው አንጎል በእርግዝናው የመጀመሪያ ሁለት ወራት ግራና ቀኝ ሆኖ መከፈል ሲገባው ሳይከፈል ሲቀር ነው።
• አሎባር፦ ጭራሽ አልተከፈለም። መሃል ላይ መጋረጃ (ፋልክስ) የለም፣ ውሃው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ሁለቱ ታላመስ ተጣብቀዋል።
• ሴሚሎባር፦ ከኋላ ተከፍሏል፣ ከፊት ተጣብቋል።
• ሎባር፦ አብዛኛው ተከፍሏል። በአልትራሳውንድ በቀላሉ ሊታለፍ ስለሚችል ኤምአርአይ ያስፈልገዋል።
ፊትም አብሮ ይታያል፦ የተቀራረቡ ዓይኖች ወይም የከንፈር መሰንጠቅ ፍንጭ ናቸው።

👉 2. ሃይድራነንሴፋሊ
አንጎሉ ተከፍሎ ነበር፤ በኋላ ግን፣ ብዙ ጊዜ ደም ስለተቋረጠበት፣ ጠፍቶ ቦታውን ውሃ ወሰደው። መጋረጃው አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ ታላመሶቹም ለየብቻ ናቸው። ዳር ላይ ግን የአንጎል ሥጋ የለም ማለት ይቻላል።

👉 3. ከባድ ሃይድሮሴፋለስ
መጋረጃው አለ፤ ዳር ዳሩን ቢሳሳም የአንጎል ሥጋ አለ። አንጎሉ አልጠፋም፣ ውሃው ተጭኖት ነው።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? ሦስተኛው በጊዜ በቀዶ ሕክምና ውሃው ሲቀነስለት አንጎሉ የማገገም ዕድል አለው። በሁለቱ ግን ውሃውን መቀነስ የጭንቅላቱን ማደግ ሊገታ ይችላል እንጂ የሌለውን አንጎል አይመልስም። ስለዚህ አንዱ ቤተሰብ ያለውን ሸጦ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት፣ ሌላው ደግሞ ሊታከም የሚችል ልጁን «ተስፋ የለውም» ብሎ ከመተዉ በፊት፣ ስሙ በትክክል መታወቅ አለበት። እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ ምስሉን በዝርዝር የሚያነብላችሁ ራዲዮሎጂስት ነው። እናንተ ግን ጠይቁ፦ «መጋረጃው አለ? ታላመሱ ተለያይቷል? ዳር ላይ አንጎል አለ?»

ምን እናድርግ?
✅ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንዴ አልትራሳውንድ ተነሱ።
✅ ስኳር ያለባችሁ እህቶች ከማርገዛችሁ በፊት ስኳራችሁን አስተካክሉ፤ ለሆሎፕሮሰንሴፋሊ ከሚያጋልጡት አንዱ ነው።
✅ ፎሊክ አሲድ በቀን 400 ማይክሮግራም ከእርግዝና በፊት ጀምሩ። በዋናነት የሚከላከለው እንደ ጀርባ ክፍተት ያሉትን ነው እንጂ ለእነዚህ ዋስትና አይሆንም።

በመጨረሻም፦ እርግማን አይደለም፣ የእናትየዋም ጥፋት አይደለም። እባካችሁ ጣት አትቀስሩባት።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ነፍሰ ጡር ላለችበት ቤት ሼር አድርጉ።