አንድ የምግብ ማጣፈጫና ያስነሣው ሥጋት

የሰው ምላስ ጣፋጩን ከመራራው፣ ጨዋማውን ከጎምዛዛው እንደሚለይ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ከእነዚህ ከአራቱ ሌላ አምስተኛ ጣዕም መኖሩን ያመለከተው ግን ኪኩናዬ ኢኬዳ የተባለ የጃፓን የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። በጃፓን አገር ኮምቡ የተባለ የባሕር ተክል እየተቀቀለ መረቁ ለልዩ ልዩ ምግብ ማጣፈጫ ይውላል። የዚህ መረቅ ጣዕም ከአራቱ ከአንዱም ጋር እንደማይመሳሰል የተገነዘበው ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከኮምቡ ውስጥ ግሉታሚክ አሲድ አጣርቶ አወጣ፤ ጣዕሙንም «ኡማሚ» ብሎ ሰየመው። አሲዱ ከሶዲየም ጋር ሲዋሐድ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የተባለ፣ በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ፣ ጨው የመሰለ ነጭ ቅንጣት ይሆናል። ይህ ማጣፈጫ በ1909 «አጂኖሞቶ» በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ዛሬ የሚመረተው የሸንኮራ አገዳ ሞላሰስንና ይህን የመሰሉ ነገሮችን በባክቴሪያ በማብላላት ስለሆነ፣ አሠራሩ ከእርጎ አሠራር እጅግ የራቀ አይደለም።

ግሉታሜት ለሰው አካል እንግዳ አይደለም። የበሰለ ቲማቲም፣ እንጉዳይና ለረጅም ጊዜ የቆየ ደረቅ አይብ በተፈጥሮ ይዘውታል። በእናት ጡት ወተት ውስጥ ደግሞ ከላም ወተት ይልቅ በብዙ እጥፍ ይገኛል። ከቲማቲም የመጣውንና ከፋብሪካ የወጣውን ግሉታሜት አካል ለይቶ አያውቅም።

ታዲያ ሥጋቱ ከየት መጣ? በ1968 በአሜሪካ ይኖር የነበረ ሮበርት ሆ ማን ክዎክ የተባለ ሐኪም ለአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፈ። በቻይና ምግብ ቤት በበላ ቁጥር ማጅራቱ እንደሚደነዝዝ፣ ስሜቱም ወደ ክንዶቹና ወደ ጀርባው እንደሚዛመት፣ ሰውነቱ እንደሚዝልና ልቡ በኃይል እንደሚመታ ገለጸ። ምክንያቱ ይህ ነው ብሎ ግን አልወሰነም። የአኩሪ አተር ሶስ፣ ለማብሰያ የሚጨመረው ወይን ጠጅ፣ ማጣፈጫው ወይም የጨው ብዛት ሊሆን ይችላል ብሎ ሌሎች እንዲመረምሩት ነበር የጠየቀው። ይሁን እንጂ መጽሔቱ ለደብዳቤው «የቻይና ምግብ ቤት ሕመም» የሚል ርእስ ሰጠው፤ ከተጠረጠሩትም መካከል ጥፋተኛ ተደርጎ የተያዘው ማጣፈጫው ብቻ ሆነ። ያው ማጣፈጫ በታሸገ ሾርባ ውስጥ ሆኖ በየአሜሪካዊው ቤት ሲገባ ብዙ ሰው አላስተዋለውም። የቻይና ምግብ ቤት ባለቤቶች ግን ማጣፈጫውን እንደማይጠቀሙ የሚገልጽ ማስታወቂያ በየበራቸው እስከ መለጠፍ ደረሱ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1969፣ ጆን ኦልኒ የተባለ ተመራማሪ ገና ለተወለዱ አይጦች ማጣፈጫውን በመርፌ ሰጥቶ በአንጎላቸው ላይ ጉዳት መድረሱን አስታወቀ። ወላጆች ደነገጡ፤ የአሜሪካ የሕፃናት ምግብ አምራቾችም ማጣፈጫውን ከምግቡ አወጡ። ምርምሩ ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ለአይጦቹ የተሰጠው መጠን እጅግ ከፍተኛ ነበር፤ አገባቡም በመርፌ እንጂ በአፍ አልነበረም። ከምግብ ጋር የሚገባውን ግሉታሜት አብዛኛውን የአንጀት ግድግዳ ለኃይል ምንጭነት ስለሚጠቀምበት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው።

ሰውን በሚመለከት ክርክሩን ለመለየት የተመረጠው ዘዴ ቀላል ይመስላል። ማጣፈጫው ያሳምመናል የሚሉ ሰዎች በአንዱ ቀን ማጣፈጫው ያለበትን፣ በሌላው ቀን የሌለበትን መጠጥ ይጠጣሉ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠጪውም ሰጪውም አያውቅም። ይህ ጥንቃቄ ያስፈለገው፣ እታመማለሁ ብሎ የሚጠባበቅ ሰው በመጠባበቁ ብቻ ራሱን ሊያመው ስለሚችል ነው። በ2000 በታተመ አንድ ጥናት 130 ሰዎች ባዶ ሆዳቸውን 5 ግራም ያህል ጠጡ። 50ዎቹ ማጣፈጫው ያለበትን በጠጡበት ቀን ብቻ ታመምን አሉ፤ 17ቱ ግን የታመሙት የሌለበትን ጠጥተው ነው! ፈተናው በተደጋገመ ቁጥር ሕመሙ የጸናባቸው ሰዎች ቁጥር ወደ 2 ወረደ። ከምግብ ጋር ሲሰጥ በእነዚህም ላይ ውጤቱ እንደ በፊቱ አልጸናም።

ይህ ሲባል ጉዳዩ ፈጽሞ ተዘግቷል ማለት አይደለም። በ1995 ለአሜሪካ መንግሥት የቀረበ ዘገባ፣ 3 ግራምና ከዚያ በላይ ያለ ምግብ የወሰዱ አንዳንድ ሰዎች ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ራስ ምታትና መደንዘዝ ሊሰማቸው እንደሚችል አመልክቷል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም በ2017 ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን ከ30 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። 50 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 1.5 ግራም ይሆናል።

ከማጣፈጫው ይልቅ አብሮት የሚመጣው ጨው የበለጠ ሊያሳስብ ይገባል። ከገበታ ጨው ክብደት 39 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ሲሆን በማጣፈጫው ውስጥ ያለው 12 በመቶ ያህል ነው፤ ስለዚህ የጨውን ከፊል በማጣፈጫው የተካ ሰው ሶዲየም ይቀንሳል። በጨው ላይ ደርቦ የሚነሰንስ ግን ይጨምራል፤ የሶዲየም መብዛትም የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው። በታሸገ ምግብ መጠቅለያ ላይ የምግቡ ቅመሞች የሚጻፉት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት አንዳንድ ጊዜ ኢ-621 ተብሎ ይገለጻል። በኩብ መልክ በሚሸጡት በብዙዎቹ የመረቅ ማጣፈጫዎች መጠቅለያ ላይ በመጀመሪያ የሚነበበው ቃል ግን «ጨው» የሚለው ነው።