ኤርቢየም በተጨመረበት የፎስፌት መስታወት የብርሃን ልቀት ላይ እርጥበት የሚያሳድረው ተጽዕኖ

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሞገድ ርዝመቱ 1,550 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ይህን ያህል ርቀት በሲሊካ ፋይበር ውስጥ ቢጓዝና ብክነቱ በኪሎ ሜትር 0.2 ዴሲቤል ቢሆን፣ ከመነሻ ኃይሉ የሚተርፈው 1 በመቶ ብቻ ነው። የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ ከባሕር ሥር ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል በሚያልፉ ረጃጅም መስመሮች በመሆኑ፣ በጉዞ የደከመን ብርሃን ማጎልበት ለመገናኛዋ መሠረታዊ ጉዳይ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲው የዴቪድ ፔይን ቡድንና በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪዎቹ ኢማኑኤል ዴሱርቪር ያቀረቡት መፍትሔ ኤርቢየም የተጨመረበት ፋይበር ነበር።

ከብርቅዬ የምድር ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ኤርቢየም በመስታወት ውስጥ ሦስት ኤሌክትሮኖችን ያጣ አዮን ሆኖ ይገኛል። ለብርሃን ልቀቱ ምክንያት የሆኑት የ4ኤፍ ኤሌክትሮኖች በ5ኤስና በ5ፒ ኤሌክትሮኖች የተከለሉ ስለሆኑ፣ የልቀቱ የሞገድ ርዝመት በመስታወቱ ዓይነት ብዙም አይለዋወጥም። በ980 ናኖሜትር ሌዘር የተነቃቃ አዮን ፈጥኖ ወደ መጀመሪያው የተነቃቃ ደረጃ ይወርዳል፤ በሲሊካ ውስጥ በዚያ ደረጃ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ይቆያል። በዚህ ጊዜ የሚያልፈው ደካማ ብርሃን አዮኑ የያዘውን ኢነርጂ በተመሳሳይ ብርሃን መልክ እንዲለቅ ያደርገዋል።

ሆኖም ከለላው አዮኑን ከአካባቢው ፈጽሞ አይነጥለውም። ከተነቃቃው ደረጃ እስከ መነሻው ያለው ልዩነት 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። የሲሊካ አተሞች ንዝረት 0.14 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ለመሸፈን ስድስት ፎኖኖች በአንድነት ያስፈልጋሉ፤ ይህም እምብዛም አይከሰትም። ከውኃ የሚመጣው የሃይድሮክሲል ቡድን ንዝረት ግን 0.4 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል በመሆኑ ሁለቱ ይበቃሉ። ብርሃን ሊሆን የሚገባው ኢነርጂ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የኤርቢየም መጠን ሲጨምር ደግሞ ኢነርጂው ከአዮን ወደ አዮን እየተላለፈ ሃይድሮክሲል ዘንድ የመድረስ ዕድሉ ይሰፋል።

የፎስፌት መስታወት ከሲሊካ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥና ብዙ ኤርቢየም የሚቀበል በመሆኑ ለዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ምቹ ነው። ነገር ግን ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ከአየር እርጥበትን አጥብቆ ይስባል። በደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች የክረምት አየር ውስጥ ያለ ጥንቃቄ የተመዘነ ዱቄት ውኃውን ይዞ ወደ ምድጃው ይገባል። እርጥበት የያዘውም ሆነ የደረቀው ናሙና ለዓይን እኩል ጥርት ያለና ፈዛዛ ሮዝ ሊመስል ይችላል።

በ1962 እ.ኤ.አ. ጀድና ኦፌልት በየግላቸው ያሳተሙት ቀመር ከብርሃን መምጠጥ ልኬት ተነሥቶ የልቀቱን ዕድሜ ለማስላት ያስችላል፤ ሆኖም በሃይድሮክሲል የሚጠፋው ኢነርጂ በስሌቱ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ ስሌቱ ብቻውን ለመስታወቱ ጥራት ማስረጃ አይሆንም። የተለካው ዕድሜ ለተሰላው ሲካፈል የልቀቱ ብቃት ይገኛል፤ በ3 ማይክሮሜትር አካባቢ የሚታይ የኢንፍራሬድ መምጠጥ ደግሞ የብክነቱ ምንጭ ውኃ መሆኑን ይጠቁማል። ዱቄቱን አስቀድሞ ማድረቅ፣ ከአየር ከልሎ መመዘንና በሚቀልጠው መስታወት ውስጥ ደረቅ ጋዝ ማሳለፍ የኤርቢየሙን መጠን ከመጨመር ሊቀድሙ የሚገባቸው እርምጃዎች ናቸው።