ዝርዝሩ በማን እጅ ነው?

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ዝግ እያለ ከተራኪው ድምፅ ሥር ይገባል)

ተራኪ፦ በነሐሴ 2007 የአውስትራሊያ መንግሥት ለየቤተሰቡ በነፃ የሚታደል የኢንተርኔት ማጣሪያ ይፋ አደረገ። በዚህ ዝግጅት የምንጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ማጣሪያው 84 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ወጥቶበታል። ወላጅ ኮምፒውተሩ ላይ ይጭነዋል፤ ልጅ ሊያየው የማይገባውን ገጽ ሶፍትዌሩ ይዘጋል።

ቀናት አልቆየም። ሜልበርን ውስጥ አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ማጣሪያውን በግማሽ ሰዓት ገደማ አልፎት ገባ። ብልኃቱ ደግሞ የማጣሪያው ምልክት ከስክሪኑ ላይ እንዳይጠፋ ማድረጉ ነበር፤ እናትና አባት መጥተው ቢያዩ ሁሉም ነገር በቦታው ያለ ይመስላቸዋል። መንግሥት ሌላ ማጣሪያ ጨመረ። ልጁ እሱንም አለፈው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በተካሄደው ምርጫ የጆን ሃዋርድ መንግሥት ወደቀ፤ የኬቨን ራድ ሌበር ፓርቲ ሥልጣን ያዘ። አዲሱ የኮሙኒኬሽን ሚኒስትር ሴናተር ስቲቨን ኮንሮይ የያዙት ዕቅድ ከቀድሞው የከበደ ነበር። ማጣሪያው ከየቤቱ ይወጣና ኢንተርኔት በሚያቀርቡት ኩባንያዎች ዘንድ ይተከላል፤ ማንም ወደደም ጠላ ያልፍበታል።

ተቃውሞው ወዲያው ተነሣ። ሚኒስትሩ የሰጡት መልስ፣ የመናገር ነፃነት ማለት የሕፃናትን የወሲብ ምስል ማየት ነው የሚል ካለ መንግሥታቸው ከእሱ ጋር አይስማማም የሚል ነበር። አፍ የሚያዘጋ አነጋገር ነው። ከዚህ በኋላ ስለ ማጣሪያው አሠራር ጥያቄ ያነሣ ሰው፣ ከጥያቄው በፊት ራሱን ማንጻት ሊኖርበት ነው። ለኢትዮጵያ አድማጭም በልጆች ስም መዝጋት ባዕድ አይደለም፤ በ2016፣ ማለትም በ2008 ዓ.ም.፣ የብሔራዊ ፈተና ሾልኮ መውጣትን ተከትሎ ፌስቡክና መሰሎቹ ለቀናት ሲዘጉ፣ የተሰጠው ምክንያት ተማሪዎች ሐሳባቸው እንዳይከፋፈል የሚል ነበር።

(ሙዚቃው ለአፍታ ከፍ ይላል)

ተራኪ፦ የኮንሮይን ማጣሪያ ያሰናከለው ግን የነፃነት መፈክር አይመስልም። ያሰናከለው ዝርዝሩ ነው።

የአውስትራሊያ የኮሙኒኬሽንና ሚዲያ ባለሥልጣን የተከለከሉ ድረ ገጾች መዝገብ ነበረው፤ አስገዳጁ ማጣሪያም ሊሠራ የታቀደው ከዚሁ ተነሥቶ ነበር። መዝገቡ ምስጢር ነው። ዜጋው አያየውም። መንግሥት ምክንያት አለው፦ ዝርዝሩ ከወጣ ለወንጀለኛ የአድራሻ መጽሐፍ ይሆናል። ቀላል ምክንያት አይደለም። ችግሩ፣ ማንም የማያየውን ዝርዝር ማንም አያርመውም።

በመጋቢት 2009 ዊኪሊክስ ወደ 2,400 የሚጠጉ አድራሻዎች ያሉበትን አንድ ዝርዝር አወጣና የባለሥልጣኑ ነው አለ። ባለሥልጣኑ የራሱ መዝገብ 1,061 አድራሻዎች ብቻ እንዳሉት ገልጾ አስተባበለ፤ ኮንሮይም የእኛ አይደለም አሉ። የሚመሳሰሉ አድራሻዎች እንዳሉ ግን አልተካደም።

በዝርዝሩ ውስጥ ማንም ሊከራከርላቸው የማይችል፣ ሕፃናት የተሠቃዩባቸው ገጾች ነበሩ። ከእነሱ ጎን ደግሞ የፖከር መጫወቻ ገጾች፣ ለአዋቂ የተፈቀዱ የወሲብ ገጾች፣ በፈቃድ ስለሚደረግ ሞት የሚያትቱ ጽሑፎችና ጥቂት የዊኪፔዲያ ገጾች ተሰልፈዋል። ከዚያም የኩዊንስላንድ አንድ ጥርስ ሐኪም ብቅ ይላል። አንድ አስጎብኚ ድርጅት፣ የውሻ ማቆያና የትምህርት ቤት ካንቲን አማካሪም አሉበት። የጥርስ ሐኪሙ ድረ ገጽ ከዓመታት በፊት በሰርጎ ገቦች ተይዞ ነበር፤ ከጸዳ በኋላ ግን ከዝርዝሩ የሰረዘው አልተገኘም። ሚኒስትሩ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው ነገሩን ሲያስረዱ የሩሲያ ወንበዴዎችን እስከ መጥቀስ ደረሱ። አገር ሳቀ። ሳቁ ከብዙ ሰልፍ ይልቅ ዕቅዱን የጎዳው ይመስላል።

በዚያው ዓመት ዓላማው ልጆችን መጠበቅ የሆነው ሴቭ ዘ ችልድረን እንኳ ማጣሪያውን ተቃወመ። ገንዘቡ ወንጀለኛ ለሚያሳድድ ፖሊስና ልጆችን ለማስተማር ቢውል ይሻላል የሚል ነበር አቋሙ። በየካቲት 2010 አኖኒመስ የተባለው የሰርጎ ገቦች ስብስብ የፓርላማውን ድረ ገጽ አጨናነቀ፤ ይህ ግን ለማጣሪያው ተቃዋሚዎች ከጥቅሙ ጉዳቱ አመዘነ። በቀጣዩ ወር ድንበር የለሽ ጋዜጠኞች የተሰኘው ድርጅት አውስትራሊያን ኢንተርኔት ላይ ክትትል ከሚያስፈልጋቸው አገሮች ተርታ አሰፈራት።

በኅዳር 2012 ኮንሮይ አስገዳጁን ማጣሪያ ተዉት። በምትኩ ኩባንያዎቹ፣ የሕፃናት ጥቃት የሚታይባቸውን እጅግ የከፉ ገጾች ብቻ የያዘውን የኢንተርፖል ዝርዝር እንዲዘጉ ተደረገ።

ነገሩ ግን እዚያ አላበቃም። በ2013 የአክሲዮንና የኢንቨስትመንት ገበያውን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አንድ የማጭበርበሪያ ገጽ ላዘጋ ሲል፣ በተመሳሳይ የኢንተርኔት አድራሻ ላይ የተቀመጡ ከ1,200 የሚበልጡ ንጹሐን ገጾችን አብሮ አዘጋ። ከተዘጉት አንዱ በነፃ ትምህርት የሚሰጠው የሜልበርን ፍሪ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ቆይቶ ደግሞ ሌላ የባሰ ወጣ፤ በሌላ ጊዜ በተሰጠ ትእዛዝ ወደ 250,000 የሚጠጉ ድረ ገጾች ተነክተዋል። ሥራውን ያዘዙት ሰዎች አንድ አድራሻ ብዙ ገጾችን ሊይዝ እንደሚችል አላወቁም ነበር።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ተራኪ፦ ሁለተኛው ዙር፣ ልጆችን ከማኅበራዊ ሚዲያ የማገዱ ዘመቻ፣ የጀመረው ከመጽሐፍ ነው። የሳውዝ አውስትራሊያ ፕሪሚየር ፒተር ማሊናውስካስ እንደሚናገሩት፣ ባለቤታቸው የአሜሪካዊውን ምሁር የጆናታን ሃይትን መጽሐፍ ካነበበች በኋላ፣ አንድ ነገር ብታደርግ ይሻላል አለቻቸው። እሳቸውም የቀድሞውን የአገሪቱ ዋና ዳኛ ሮበርት ፍሬንችን ጠርተው ሕግ እንዲያጠኑ አደረጉ። ጋዜጦችና የሬዲዮ ሰዎች ዘመቻ ከፈቱ፤ በኦንላይን ጉልበተኞች ተሠቃይተው የሞቱ ልጆች ወላጆች ፊት ወጡ። ጉዳዩ ብዙም ሳይቆይ የፌዴራል መንግሥቱን ጠረጴዛ ያዘ።

ከዚያ በኋላ የታየው ፍጥነት ያስደንቃል። ረቂቁ ኅዳር 21 ቀን 2024 ፓርላማ ገባ። ሕዝብ አስተያየቱን እንዲልክ የተሰጠው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነበር፤ በዚያች ቀን 15,000 ያህል አስተያየት ጎረፈ። ረቂቁ በገባ በሳምንቱ ሴኔቱ በ34 ለ19 አጸደቀው። ከ140 የሚበልጡ ምሁራን ከወር በፊት ተቃውሟቸውን በግልጽ ደብዳቤ አሳውቀው ነበር።

ሕጉ ከታህሳስ 10 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። ዕድሜው ከ16 በታች የሆነ ልጅ በፌስቡክ፣ በኢንስታግራም፣ በቲክቶክ፣ በስናፕቻት፣ በኤክስ፣ በዩቲዩብ፣ በሬዲትና በጥቂት ሌሎች ላይ አካውንት ሊኖረው አይችልም። ልጁም ወላጁም አይቀጡም። የሚቀጣው ኩባንያው ነው፤ ቅጣቱም እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይደርሳል። ዋትስአፕ አልተነካም፤ ስለዚህ የሐበሻ ምግብ ቤት በበዛበት የሜልበርኑ ፉትስክሬይ የሚያድግ ልጅ አዲስ አበባ ካለችው አያቱ ጋር በቪዲዮ ከመጨዋወት የሚያግደው የለም።

ይህ ሕግ ከኮንሮይ ስሕተት የተማረ ይመስላል። ምስጢራዊ መዝገብ የለውም፤ የታገዱት መድረኮች ስም በአደባባይ ተነግሯል። ግን ጥያቄው ከገጹ ወደ ሰው ዞረ። ድሮ የሚመረመረው ድረ ገጹ ነበር፤ አሁን የሚመረመረው ተጠቃሚው ነው። ኩባንያው የ15 ዓመቱን ልጅ ከ17 ዓመቱ ለመለየት ዕድሜውን ከፊቱ በካሜራ ሊገምት፣ መታወቂያ ሊጠይቅ ወይም ከአጠቃቀሙ ሊገምት ይችላል። ሕጉ የመንግሥት መታወቂያን ብቸኛ አማራጭ ማድረግን ይከለክላል፤ ይህ በጎ ነው። የፊት ግምቱ ግን የሚሳሳተው በጣም በሚፈለግበት ቦታ፣ በ16 ዓመት ዙሪያ ነው። ልጅን ለማስወጣት ደግሞ አዋቂውም ጭምር አዋቂነቱን ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል።

በጥር 2026 መንግሥት 4.7 ሚሊዮን አካውንቶች መዘጋታቸውን ወይም መታገዳቸውን አስታወቀ። ሜታ ብቻውን ከ500 ሺህ በላይ ዘግቷል። ቁጥሩ የተዘጋውን አካውንት ይቆጥራል፤ የልደት ዓመቱን ቀይሮ ወይም በታላቅ ወንድሙ ስም የገባውን ልጅ አይቆጥርም። ዴንማርክና ማሌዥያ ተመሳሳይ ዕቅድ ይዘው ተነሥተዋል። የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርሱላ ፎን ደር ላየንም የአውስትራሊያን ሙከራ በቅርብ እንደሚከታተሉ ተናግረዋል። እሳቸው ራሳቸው በ2009 የጀርመን ሚኒስትር ሳሉ የድረ ገጽ መዝጊያ ሕግ አቅርበው ከ130,000 በላይ ፊርማ የተሰበሰበባቸው ናቸው፤ ያ ሕግ ሥራ ላይ ሳይውል በ2011 ተሻረ።

(ሙዚቃው ዝቅ ይላል)

ተራኪ፦ ክርክሩ አሁን ካንቤራ በሚገኘው የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። አውስትራሊያ የመናገር ነፃነትን በግልጽ የሚደነግግ የሕገ መንግሥት አንቀጽ የላትም። ያላት ዳኞች በ1992 ከሕገ መንግሥቱ አወቃቀር አውጥተው ያጸኑት፣ በፖለቲካ ጉዳይ ሐሳብ የመለዋወጥ ነፃነት ነው። ሁለት የ15 ዓመት ልጆች በዚህ ተመሥርተው ክስ አቀረቡ። ሬዲትም ተከተላቸው፤ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መራጭ ስለሚሆን ከፖለቲካ ውይይት ሊገለል አይገባም ሲል ተከራከረ። የጤና ሚኒስትሩ ማርክ በትለር፣ ሬዲት የሚሟገተው ለትርፉ ነው፣ የሲጋራ ኩባንያዎችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር ሲሉ መለሱ። መልሱ አሁንም ስለ ክርክሩ ሳይሆን ስለ ተከራካሪው ነበር። ዳኞቹ ግን የሚመዝኑት የሬዲትን ኪስ ሳይሆን የ1992ቱን ውሳኔ ነው።