ፖቶማክን ሲሻገሩ የሚለወጥ ሕግ

በአሜሪካ ማሪዋናን ለመዝናኛ መጠቀም «ሕጋዊ ሆነ» ሲባል ብዙ ሰው ክልከላው ጨርሶ የተነሣ ይመስለዋል። በአገሪቱ ግን አንድ ድርጊት በሁለት ሕጎች፣ ማለትም በመላው አገር በሚሠራው የፌዴራል ሕግና ድርጊቱ በተፈጸመበት ስቴት ሕግ ሊያስቀጣ ስለሚችል፣ አንድ ስቴት ማሪዋናን ፈቀደ ማለት የራሱን ቅጣት አነሣ ማለት እንጂ የፌዴራሉን ሻረ ማለት አይደለም። ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው የዕፆች መቆጣጠሪያ ሕግ ማሪዋናን ከሄሮይን ጋር እጅግ ጥብቅ ክልከላ በተጣለበት መደብ አስቀመጠው፤ ይሁን እንጂ የፌዴራሉ መንግሥት የስቴቶችን ፖሊስ ይህን ሕግ እንዲያስፈጽም ማዘዝ ስለማይችል፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት በ2012 በሕዝብ ድምፅ መንገዱን ከከፈቱ ወዲህ ከሃያ የሚበልጡ ስቴቶች የየራሳቸውን ቅጣት አንሥተዋል።

የሕጉ መዘበራረቅ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ አንድ አውንስ ተኩል፣ ይኸውም 42 ግራም ያህል፣ እንዲይዝና ፈቃድ ካለው መደብር እንዲገዛ ፈቀደች። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ያለችው ቨርጂኒያ በ2021 አንድ አውንስ መያዝንና በየቤቱ አራት ተክል ማብቀልን ስትፈቅድ የችርቻሮ ሽያጭን ግን አብራ አልፈቀደችም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የዲሲ ጉዳይ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች በ2014 በሰጡት ድምፅ እስከ ሁለት አውንስ መያዝና እስከ አንድ አውንስ ለሌላ አዋቂ ያለ ክፍያ መስጠት ተፈቀደ፤ በከተማዋ በጀት ላይ ሥልጣን ያለው ኮንግረስ ግን ሽያጩን ለማደራጀት ገንዘብ እንዳይወጣ ከለከለ። በዚህ ክፍተት «ስጦታ» የሚባል ንግድ በቀለ፤ ደንበኛው ለአንድ ካናቴራ ወይም ተለጣፊ ምስል ከዋጋው በላይ ይከፍል፣ ማሪዋናውም በምርቃት ይሰጠው ነበር። ሽያጭን ለማስቀረት የተጣለው ክልከላ ያተረፈው ቁጥጥር የሌለው ሽያጭን ነው ማለት ይቻላል። በዚያችው ከተማ ናሽናል ሞል የተባለውን መናፈሻ የመሳሰሉ ቦታዎች የፌዴራል ይዞታ በመሆናቸው፣ በጎዳናው የተፈቀደው መያዝ በመናፈሻው እስከ አንድ ዓመት ሊያሳስር ይችላል፤ ከሜሪላንድ የተገዛውን ይዞ ወደ ዲሲ መሻገርም፣ በሁለቱም ወገን መያዝ የተፈቀደ ቢሆንም፣ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው።

የነገሩ ክብደት የሚሰማው ግን ከማንም በላይ ዜግነት ላላገኘው ነው፤ ኢሚግሬሽን የፌዴራል ሕግ ጉዳይ ስለሆነ የስቴቱ ፈቃድ ጋሻ አይሆነውም። የዜግነትና የኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት በስቴቱ የተፈቀደ አጠቃቀም፣ ፈቃድ ባለው የማሪዋና መደብር ተቀጥሮ መሥራትም ጭምር፣ ለዜግነት የሚጠየቀውን «መልካም ጠባይ» ሊያሳጣ ይችላል። ወደ አገር ለመግባት በሚደረግ ምርመራ ደግሞ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ያላለው ሰው እንኳ፣ ድርጊቱን መፈጸሙን በቃሉ ማመኑ ብቻ ሊያስከለክለው ይችላል። ስለዚህ ግሪን ካርድ ይዞ የሚኖር ሰው፣ ማሪዋና ተጠቅሞ ከሆነ፣ የዜግነት ማመልከቻ ከማስገባቱም ሆነ ለዘመድ ጥየቃ ወደ አዲስ አበባ ከመብረሩ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል።