አንድ ሰርቨር ወይስ ብዙ? ከወላይታ ሶዶ ሲታይ

ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ናት። ክልሉ ግን ቢሮዎቹን በአንድ ከተማ አላከማቸም፤ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካና ሌሎችም ተካፍለዋቸዋል። በእነዚህ ቢሮዎች፣ በወላይታ ዞን መምሪያዎች፣ በ1999 በተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲና በሆስፒታሉ የሚሠሩ የአይሲቲ ባለሙያዎችም በሰርቨር ክፍላቸው የሚገጥማቸው ጥያቄ የመሰብሰብና የመበተን ነው፦ የምዝገባ፣ የኢሜይል፣ የቤተ መጻሕፍትና የፋይናንስ አገልግሎቶች በአንድ ሰርቨር ይጫኑ ወይስ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸው ማሽን ይሰጣቸው?

መልሱ በየዘመኑ ተለዋውጧል። ኮምፒውተር እጅግ ውድ በነበረበት ጊዜ አይቢኤም አንዱን ማሽን ለብዙዎች የሚያካፍል ዘዴ ፈጥሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ቪኤም/370ን ይፋ አደረገ። ሰርቨር ሲረክስ ደግሞ «ለአንድ አገልግሎት አንድ ማሽን» ልማድ ሆነ፤ በአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ አብረው የተጫኑ ፕሮግራሞች የተለያየ የሶፍትዌር ስሪት እየፈለጉ ይጋጩ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የቪኤምዌር ኢኤስኤክስ፣ በ2007 ሊኑክስ ውስጥ የገባው ኬቪኤምና በ2013 የመጣው ዶከር ፕሮግራሞቹን በአንድ ማሽን ላይ ለይተው በማስኬድ ግጭቱን አቃለው ማጋራትን መልሰው አመጡ።

ዛሬ የማጋሪያ መንገዶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሁሉን በአንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ መጫን ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን አንዱን ለማደስ የተነካ ነገር ሌላውን ያበላሻል። ሁለተኛው ኮንቴይነር ነው፤ እያንዳንዱ አገልግሎት የሚፈልጋቸውን ፋይሎች ይዞ ይለያል፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አስኳል (ከርነሉን) ግን ይጋራል። ሦስተኛው ቨርቹዋል ማሽን ነው፤ እያንዳንዱ የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስላለው መለያየቱ ይጠነክራል፣ የሚወስደው ራምም ይበዛል። ብረቱ ቢቀንስም የሚታደሱት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ቁጥር አይቀንስም።

የማጋራት ትልቁ ትርፍ ወጪ መቀነስ ነው። ሰርቨር የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተፈቀደ በኋላ ደግሞ ዶላር ከእጥፍ በላይ ተወዷል። መብራትም አለ። ሰርቨር ሥራ ሲፈታም ኃይል መብላቱን አያቆምም። እያንዳንዳቸው 200 ዋት የሚወስዱ አምስት ማሽኖች በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃሉ፤ 400 ዋት የሚወስድ አንድ ጠንካራ ማሽን ሥራቸውን ቢተካ ፍጆታው ከ10 በታች ይወርዳል። ማቀዝቀዣውም፣ ዩፒኤሱም፣ የጄኔሬተሩ ነዳጅም በዚያው ልክ ይቀላሉ።

ይህ ስሌት በሶዶ የተለየ መልክ አለው። 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ቆሟል። እስከ ኬንያዋ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው የ500 ኪሎቮልት መስመርም የሚነሣው ከሶዶ ነው። ሆኖም ትልቅ መስመር ማለፉ ለሰርቨሩ ክፍል ዋስትና አይሆንም፤ የቢሮው መብራት የሚመጣው በከተማው ማከፋፈያ መስመርና ትራንስፎርመር በኩል ነው። ስለዚህ ዩፒኤስ የግድ ነው፤ ባትሪው የሚሸከመው ማሽን ባነሰ ቁጥርም በሥርዓት ለማጥፋት የሚተርፈው ጊዜ ይረዝማል።

ኪሳራው የሚታየው ማሽኑ ሲታመም ነው። የኃይል ማቀበያው ቢቃጠል ምዝገባውም ኢሜይሉም አብረው ይቆማሉ፤ በየመስኮቱ «ሲስተም የለም» ይባላል። አንዱ ዳታቤዝ ዲስኩን ሲያጨናንቅም ሌሎቹ ይንቀራፈፋሉ። ጥቃቱም ይሰፋል፦ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ኢኤስኤክስአይአርግስ የተባለው ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ያልታደሱ የቪኤምዌር ማሽኖችን ሲመታ፣ በአንድ አካላዊ ማሽን ላይ የነበሩ ቨርቹዋል ማሽኖች ፋይሎች በአንድ ጊዜ ተመስጥረዋል።

ከግቢ ውጭ ያለው አማራጭ አገልግሎቱን ወደ ማዕከል መላክ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተዘረጋው ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይትና በመሬት መስመር ከአዲስ አበባው ዳታ ማዕከል ጋር አገናኝቷል። ለዩኒቨርሲቲዎች ኢተርኔት የሚባለው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ አለ፤ ኢትዮ ቴሌኮምም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። ማዕከሉ የብረትንና የመብራትን ጭንቀት ያቃልላል፤ መስመሩ ሲቋረጥ ግን አገልግሎቱ ከነመረጃው ይርቃል። ስለዚህ ኢንተርኔት ባይኖርም መቀጠል ያለበት፣ ለምሳሌ የሆስፒታል ካርድ ክፍል ሥራ፣ በግቢው ውስጥ ቢቀር ይመረጣል።

ለመካከለኛ መሥሪያ ቤት ከአንድ ግዙፍ ሰርቨር ሁለት መካከለኛዎች ይሻላሉ። አገልግሎቶቹ በቨርቹዋል ማሽን ተለይተው ለሁለቱ ይከፋፈላሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ዋና ዋናዎቹን መሸከም እንዲችል በእያንዳንዱ ትርፍ ራም ይተዋል። የራሳቸው ብረት ሊኖራቸው የሚገባው ጥቂቶች ናቸው፦ ከኢንተርኔት ጋር የሚፋጠጠው ፋየርዎልና ባክአፑ። ባክአፑ በሌላ ሕንፃ ተቀምጦ፣ በሌላ የይለፍ ቃል ተጠብቆ፣ በየጊዜው በእርግጥ እየተመለሰ መሞከር አለበት። የግዢ ዝርዝሩ የሚጻፍ ከሆነ መጀመሪያ የሚወሰነው የትኞቹ አገልግሎቶች አብረው ቢቆሙ መሥሪያ ቤቱ እንደሚችለው ነው፤ የማሽኑ ቁጥር ከዚያ ይከተላል።