የወለሉን ታይል ከመንቀልዎ በፊት

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ አቅም የሚፈቅደው ቤት ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በ1950ዎቹና በ60ዎቹ የተሠራ ነው። ቁልፍ በተረከቡ ሰሞን የሚሆነውም የታወቀ ነው፦ ወንድም፣ አማች፣ የሰፈር ልጅ ይጠራና ቅዳሜ ጠዋት ቤዝመንቱ በደቦ ይፈርሳል። የኮንትራክተር ዋጋ ያየ ሰው በደቦው አይገረምም። ችግሩ ወለሉና ቱቦው ላይ አስቤስቶስ ካለ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማንንም ሳይነካ የኖረው ቤት ለሳንባ አደገኛ የሚሆነው በዚያች ቅዳሜ ነው።

አስቤስቶስ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ፣ ግን እንደ ጥጥ የሚፈተል ድንጋይ ነው። እሳት አይበላውም፣ ሙቀት እምብዛም አያሳልፍም፣ ርካሽም ነበር። ጦሱ ያለው በክሩ ጠባይ ላይ ነው። ሲነካካ በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይቀጥናል፤ ከጸጉር በመቶዎች እጥፍ ቀጥኖ፣ በዓይን ሳይታይ አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ሲተነፍሱት እስከ ሳንባ ጥልቅ ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ ባዕድ ነገር እየዋጡ የሚያጸዱ ሴሎች አሉ፤ ረጅሙ ክር ግን ከእነሱ ቁመት ይበልጣል። ውጠው አይጨርሱት፣ ትተውት አይሄዱ፤ እየታገሉ የሚያፈሱት ኬሚካል አካባቢውን ያስቆጣዋል። ቁጣው ዓመታት ሲዘልቅ ሳንባው ላይ ጠባሳ ይወጣል፣ ወይም ካንሰር ይነሳል። ሜሶቴሊዮማ የሚባለው የሳንባ ሽፋን ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጠው ክሩ ከገባ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ክሪስ ዋግነርና ባልደረቦቹ በ1960 ከደቡብ አፍሪካ የ33 ሕሙማንን ታሪክ ሲያሳትሙ ሁሉም ማዕድን ቆፋሪዎች አልነበሩም፤ ሰማያዊ የሚባለው የአስቤስቶስ ዓይነት በሚቆፈርበት ማዕድን አቅራቢያ ከመኖር በቀር ሌላ ንክኪ ያልነበራቸውም ነበሩበት።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ነገር ድሮ የታገደ የሚመስለው ብዙ ነው። በ1989 ሰፊ እገዳ ወጣ፤ በ1991 ፍርድ ቤት አብዛኛውን ሻረው። አሁንም ከውጭ ይገባ የነበረው ነጩ አስቤስቶስ የታገደው በ2024 ነው። ስለዚህ ቤቱ የተሠራበት ዓመት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ዋስትና አይሆንም።

በብዛት የሚገኝበት ጎንና ጎኑ 9 ኢንች የሆነ የወለል ታይልና ከሥሩ ያለው ጥቁር ኮላ ነው። የማሞቂያ ቱቦ ላይ የተጠቀለለ ሽፋን፣ ኮርኒስ ላይ የተረጨ ሻካራ ልስን፣ የውጭ ግድግዳ የሲሚንቶ ሰሌዳም አለ፤ እስከ 1977 የተሸጠ የግድግዳ ስቱኮም ሊኖርበት ይችላል። ጣሪያ ሥር የተነሰነሰው የሚያብረቀርቅ ጠጠር መሰል ቨርሚኩላይት ደግሞ ለብቻው መጠንቀቅ የሚያሻው ነው። አሜሪካ ውስጥ ከተሸጠው አብዛኛው የወጣው ሞንታና ውስጥ ሊቢ ከተባለች ከተማ ሲሆን፣ ማዕድኑ በአስቤስቶስ የተበከለ ነበር። ማውጫው በ1990 ተዘጋ፤ በ2009 መንግሥት በከተማዋ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። ጣሪያዎ ሥር እንዲህ ያለ ካዩ አይዛቁት፣ ዕቃም አያስቀምጡበት።

አይቶ መለየት አይቻልም፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ቤት ሲገዙ የሚደረገው የተለመደው ኢንስፔክሽን ይህን ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም፤ ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። ናሙናውንም ሙያው ያለው ሰው ቢወስደው ይሻላል። መርማሪውና አስወጋጁ አንድ ድርጅት ባይሆኑ ደግሞ ደግ ነው፦ በማስወገድ የሚከፈለው ሰው ሁሉም ነገር መነሳት ያለበት ሊመስለው ይችላል።

ሁሉም መነሳት የለበትምና። ያልተሰነጠቀና ያልተፈረፈረ ታይል ባለበት ቢቀር፣ አዲስ ወለል ቢነጠፍበት፣ ከመንቀል ይሻላል። አደጋው መፋቅ፣ መብሳት፣ በሳንደር መሞረድ ነው። ተሰብሮ አቧራ ከተነሳ ሥራውን ያቁሙ፣ ሰው ያስወጡ፣ የማሞቂያውን አየር ያጥፉ፣ በሩን ይዝጉና ባለሙያ ይጥሩ። መጥረጊያም ተራ ቫክዩምም ክሩን መልሶ አየር ላይ ይበትነዋል፤ የጨርቅ ማስክም አያስቀረውም። አንዳንድ ስቴት ባለቤቱ የራሱን ቤት ራሱ እንዲያጸዳ ይፈቅዳል፤ ፈቃዱ ግን ሳንባውን አይጠብቅለትም።

በደቦ ታይል ነቅለው የጨረሱስ? አንድ ቀን የተነፈሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አደጋው በመጠኑና በድግግሞሹ ያድጋል፣ ሲጋራ ሲጨመርበት የሳንባ ካንሰሩ ዕድል እጅግ ይንራል። ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ከማፍረስ ሥራ ውለው አቧራ ያዘለ ልብሳቸውን ከልጆቻቸው ልብስ ጋር የሚያጥቡት ናቸው። የገባውን ክር የሚያወጣ መድኃኒት የለም። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ምን እንዳፈረሱና በየትኛው ዓመት እንደነበር ተናግረው መዝገባቸው ላይ ያጽፉት፤ ከ30 ዓመት በኋላ የሚያስል ሰው ያንን ቅዳሜ ላያስታውሰው ይችላል።