የመጀመሪያው አውሮፕላን ከ250 ግራም በታች ይሁን

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) የሪሞት አይዲን ደንብ በቅጣት ማስከበር የጀመረው እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2024 ነው። ደንቡ የወጣው በድሮን ምክንያት ቢሆንም፣ ጋራዡ ውስጥ ፎም ቆርጦ በሙጫ እያያዘ የራሱን አውሮፕላን የሚሠራውንም ሰው ይመለከታል። በሬዲዮ የሚበር ሞዴል ማንነቱንና ያለበትን ቦታ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ይዞ መብረር አለበት፤ አለዚያ ኤፍኤኤ ባጸደቀው ሜዳ፣ በአብዛኛው በክለብ ሜዳ ብቻ ይበራል። ነፃ የተደረገው ለመዝናኛ የሚበርና ከነባትሪው 250 ግራም የማይሞላ ሞዴል ነው። እንዲህ ያለው መመዝገብም አይጠበቅበትም።

ይህ ቁጥር የጀማሪዎችን ምርጫ ከሥሩ ለውጦታል። ለብዙ ዓመታት ከዜሮ ተነስቶ ለሚሠራ ሰው ይሰጥ የነበረው ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ ክንፉ ከአንድ ሜትር ያላነሰ፣ ግማሽ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ ነፋስ የማይገፋው አውሮፕላን ሥራ ይባላል። ዛሬ ይህን ምክር የሚከተል ሰው ለአውሮፕላኑ አካል ከሚያወጣው በላይ ለማስተላለፊያው መሣሪያ ይከፍላል። ስለዚህ ትንሹና ቀላሉ አውሮፕላን ተመራጭ ሆኗል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ምክንያቴ ግን ደንቡ ብቻ አይደለም።

ትንሽ አውሮፕላን ይቅበጠበጣል፣ ለጀማሪ እጅ አይመችም የሚለው አባባል የመጣው መጠናቸው አንሶ ክብደታቸው ካልቀነሰ ሞዴሎች ነው። ወሳኙ ነገር እያንዳንዱ የክንፍ ስፋት የሚሸከመው ክብደት ነው። ስሌቱን እንየው። አነስተኛ ሞተር 20 ግራም፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው 10፣ ሪሲቨሩ 6፣ ሁለት ትንንሽ ሰርቮዎች 10፣ ባለሁለት ሴል ባትሪ 30፣ ፕሮፔለሩ 4፤ ሲደመር 80 ግራም ነው። ክንፉ 76 በ18 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ሙሉው አውሮፕላን 240 ግራም ቢመዝን፣ በአንድ ካሬ ዴሲ ሜትር ክንፍ ላይ የሚያርፈው 17 ተኩል ግራም ያህል ብቻ ነው። 110 በ20 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ያለው፣ 600 ግራም የሚመዝን የተለመደ የፎም አውሮፕላን ግን 27 ግራም ይሸከማል። በወረቀት ላይ ሲሰላ የመጀመሪያው በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ገደማ እየሄደ አየር ላይ ይቆያል፤ ሁለተኛው ከ6 ሜትር ተኩል በታች ከወረደ ይወድቃል። ለጀማሪ ይህ ልዩነት የማሰቢያ ጊዜ ነው። ዋጋውም ነፋስ ነው፤ ዛፍ ቅጠሉን የሚያንቀሳቅስበት ቀን ለዚህ አውሮፕላን አይሆንም፣ ማለዳ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ መውጣት ይሻላል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው የእኛ ሰው አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ድረስ ያለው ክልል ያለ ልዩ ፈቃድ የተዘጋ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ሁሉም ውስጡ ናቸው። 250 ግራም አለመሙላት እዚህ አያድንም። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት በቅድመ ሁኔታ ይበረራል። ትረስት የሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ፈተናም በየትም ቦታ ለሚያበር፣ ሞዴሉ ምንም ቢቀል፣ ግዴታ ነው።

ወደ ማቴሪያሉ እንምጣ። ባልሳ እንጨት ለአሥርተ ዓመታት የሙያው መሠረት ነበር። አብዛኛው የሚመጣው ከኢኳዶር ነው፤ በ2020 ገደማ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ክንፍ የሚሠሩ ፋብሪካዎች፣ በተለይ የቻይናዎቹ፣ ሲሻሙት ዋጋው አሻቅቦ ሞዴል ሠሪው ተቸገረ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ፎም ቦርድ ቦታውን እየወሰደ ነበር። በ2010 የተጀመረው የኦሃዮው የዩቲዩብ ቻናል ፍላይት ቴስት፣ በጆሽ ቢክስለር ንድፎች አማካይነት፣ ዶላር ትሪ የተባለው ርካሽ መደብር የሚሸጠውን የፎም ቦርድ ሉህ የጀማሪ አውሮፕላን መሥሪያ አደረገው። ንድፎቹ በነፃ ይገኛሉ፤ ከእነሱ ውስጥ ታይኒ ትሬነር የሚባለው አሁንም ጥሩ መነሻ ነው።

የፎም ቦርድ አሠራር የሚማረው በእጅ ነው። ሉሁ 51 በ76 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክብደቱ 115 ግራም ገደማ፣ ሁለቱም ፊቱ በወረቀት የተለበጠ። ከተሩ የላዩን ወረቀትና ፎሙን ቆርጦ የታችኛውን ወረቀት መተው አለበት፤ ያ ወረቀት ማጠፊያ ይሆናል። የኤሌቬተሩ ማጠፊያ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ጠርዙ በ45 ዲግሪ ይሸረፋል፣ ከዚያ ወደ ታች እንደ ልቡ ይታጠፋል። ከተሩ ከደነዘዘ ፎሙን እየቦጨቀ ይሄዳል፤ በየጥቂቱ ስለቱን ሰብሮ አዲስ ማውጣት ነው። ትኩስ ሙጫ ሲበዛ ክብደት ነው፤ ቀጭን መስመር ይበቃል። ሞተሩን የያዘው ክፍል በሁለት የጥብስ እንጨትና በላስቲክ ከታሰረ አውሮፕላኑ በአፍንጫው ሲወድቅ ተነቅሎ ይወጣል፤ ሌላው አካል ይተርፋል። ባልሳን የምወደው ቢሆንም ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም፤ የወደቀ ባልሳ ሳምንት ይፈጃል፣ የወደቀ ፎም በዚያው ምሽት ይጠገናል። ለጀማሪ ደግሞ መውደቅ አይቀሬ ነው።

ስለ ክንፉ ቅርጽ ሲነሳ ክርክሩ ይጦፋል። ሪቻርድ ክላይን የኒውዮርክ የማስታወቂያ ሠዓሊ ነበር። በ1960ዎቹ ለልጁ በሠራው የወረቀት አውሮፕላን ክንፍ ላይ ደረጃ የመሰለ እጥፋት ቢያደርግበት ቀጥ ብሎ በረረ፤ ከፍሎይድ ፎግልማን ጋር ሆኖ በ1972 ፓተንት አገኘበት። የፈጠራ ባለቤቶቹ ክንፉ በቀላሉ አየር አይለቅም አሉ። በ1974 በቤተ ሙከራ ሲፈተሽ ግን ከጠፍጣፋ ሰሌዳ እንኳ ያነሰ ውጤት አሳየ፤ የሚያነሳው ኃይል ከሚጎትተው አንጻር ሲታይ ደካማ ነው ተባለ። መሐንዲሶች ፋይሉን ዘጉት። ፎም ሠሪዎች ግን አልተዉትም፤ ዛሬም ኬኤፍኤም እያሉ ይሠሩታል።

እኔ ከፎም ሠሪዎቹ ጋር ነኝ። ቤተ ሙከራው የጠየቀው ጥያቄ ትክክል ነው፤ የጀማሪው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ጀማሪ የሚፈልገው ያለ ልምድ ቀጥ አድርጎ ሊሠራው የሚችለውን፣ የማይጣመም፣ ሲዘገይ በድንገት የማይከዳ ክንፍ ነው። አንድ ሉህ ከታች ይነጠፋል፤ ከላይ፣ ከፊት ጠርዝ እስከ መሐል ድረስ ሁለተኛ ሉህ ይለጠፍበታል። በቃ። ከላይ ባሰላነው መጠን ይህ ክንፍ 61 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ለአካሉ፣ ለጭራውና ለሙጫው ወደ 100 ግራም ይተርፋል። ሁለቱ ንብርብሮች ክንፉን ስለሚያጠነክሩት በውስጡ ምሰሶ ማስገባት የሚጠይቀው ሥራ በብዙ ይቀላል። በመጎተቱ ምክንያት የሚባክነው ባትሪ የአንድ ደቂቃ በረራ ቢቀንስ ጀማሪው አይጎዳም።

ስለ ዓይነቶቹ በአጭሩ። ክንፉ ከአካሉ በላይ የሆነ፣ ጫፎቹ ጥቂት ወደ ላይ የቀኑ፣ በመሪና በኤሌቬተር ብቻ የሚታዘዝ አውሮፕላን ይመረጥ፤ መሪው ሲለቀቅ ራሱን ያስተካክላል። በክንፉ ላይ የሚታጠፈው አይለሮን ለሁለተኛው አውሮፕላን ይቆይ። እንደ ሙስታንግ ያለ ተዋጊ ልብ ይሰርቃል፤ ከባድና ፈጣን ስለሆነ ይለፍ። ጭራ አልባው ክንፍ ጠንካራ ነው፣ ሩቅ ሲሄድ ግን ፊቱና ጀርባው አይለይም። በስሪ ዲ ፕሪንተር የሚወጣው የፕሪንተር ሙያ እንጂ የአውሮፕላን ሙያ አይደለም። ጭራ ያለው የጀማሪ አውሮፕላን የስበት ማዕከል ግን ከክንፉ ፊት ጠርዝ አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ባለው ቦታ ላይ መውደቅ አለበት፤ 18 ሴንቲ ሜትር በሆነው ክንፋችን ይህ ከ4 ተኩል እስከ 6 ነው። ወደ ኋላ ካለፈ አውሮፕላኑ አይታዘዝም።

ሙያው ሲጀመር ሬዲዮው ራሱ ከባድ ነበር። መንትዮቹ ዋልተርና ዊሊያም ጉድ በ1937 በሚሺጋን ካላማዙ ያበረሩት ጋፍ የተባለ ሞዴል አሁን ስሚዝሶኒያን ውስጥ ነው። ከዚያ ትውልድ የቀጠለውና እኔ አብዝቼ የማከብረው ግን የሲልቨር ስፕሪንጉ ሜናርድ ሂል ነው። በ2003 የ77 ዓመት አዛውንት ነበር፤ ዓይኑ ክፉኛ ደክሟል፣ ጆሮውም እንዲሁ። ነሐሴ ላይ የለቀቀው የባልሳ አውሮፕላን ከኒውፋውንድላንድ ኬፕ ስፒር ተነስቶ በ38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ አየርላንድ ማኒን የባሕር ዳርቻ አረፈ፤ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ክብደቱ ከነነዳጁ ከ5 ኪሎ ማለፍ አይፈቀድለትም ነበርና የሂል ትልቁ ትግል ከግራም ጋር ነበር። ከዚያ በፊት የላካቸው አየርላንድ አልደረሱለትም። ዛሬ 250 ግራም ለመጠበቅ ሙጫ የሚመዝን ጀማሪ የሚሠራው እሱ የሠራውን ሥራ ነው።

ይህን አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ማብረር ለሚያስብ ሰው ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው ከመጓዙ በፊት የሚጠየቀው ፈቃድ ነው፤ በሬዲዮ የሚበር መሣሪያ ያለ ፈቃድ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው አየሩ ነው። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ያው አውሮፕላን ላለመውደቅ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሄድ አለበት። ያንን ለማካካስ የክንፉን ስፋት በሩብ ማሳደግ ነው፤ 76 ሴንቲ ሜትሩ 95 ይሆናል፣ ጥቂት ግራም ከአካሉ ላይ ይቀነሳል፣ ፕሮፔለሩም አንድ ደረጃ ከፍ ይላል። 95 ሴንቲ ሜትር ከሉሁ ርዝመት ስለሚበልጥ ክንፉ ይቀጠላል። የላይኛውና የታችኛው ንብርብር መጋጠሚያ ግን አንድ ቦታ ላይ መዋል የለበትም፤ የታችኛው ከመሐል ወደ ግራ፣ የላይኛው ወደ ቀኝ ይደረግና በሁለቱ መካከል የጥብስ እንጨት በሙጫ ይቀበራል።